ኦድ ላይ ያለው ቁጥር ምን ይነግረናል?

በስፖርት ውርርድ ላይ ከቡድኑ ስም ጎን 2.50 ተጽፎ አያችሁ እንበል። ኦድ የሚባለው እሱ ነው። 100 አስይዛችሁ ከቀናችሁ 250 ይከፈላችኋል። መቶዋ ግን የራሳችሁ ናት፤ ትርፉ 150 ብቻ ነው። ብዙ ጀማሪ እዚህች ላይ ይሸወዳል።

ቁጥሩ የማሸነፍ ግምትንም ይናገራል። 100ን ለ2.50 ስታካፍሉ 40 በመቶ ይመጣል። ኦዱ ባነሰ ቁጥር ግምቱ ከፍ ይላል።

ዋናው ጉድ ወዲህ ነው። ለባለሜዳው 2.00፣ ለአቻ 3.40፣ ለእንግዳው 3.80 ተሰጠ እንበል። ሦስቱንም ወደ በመቶ ቀይራችሁ ደምሩ፦ 50፣ 29.4 እና 26.3፤ ድምሩ 105.7! ከመቶ በላይ ዕድል ደግሞ የት አለ? ከመቶ በላይ ያለችው 5.7 የአወራራጁ ድርጅት ድርሻ ናት፤ ኦዱ ሲወጣ አብራ ተሰልታ ገብታለች። አምስት ጨዋታ አንድ ትኬት ላይ ስትደረድሩ ደግሞ እሷም አብራ ትባዛለች።