ዘላቂ አመራረት፦ ከሚባክነው ነገር ሲነሳ

ሥራ ያቆመ ፋብሪካ ውስጥ ገብታችሁ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ማሽኖቹ ጸጥ ብለዋል። አየር የሚያምቀው ማሽን፣ ኮምፕረሰሩ፣ ግን አሁንም ይነሳል፣ ይጠፋል፣ መልሶ ይነሳል። ከአንዱ ጥግ «ስስስ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ የታመቀ አየር ከላላ መጋጠሚያ እየሾለከ ነው። ጥገና በተጓደለበት ፋብሪካ ኮምፕረሰሩ ከሚያምቀው አየር ከ20 እስከ 30 በመቶው እንዲህ ሊባክን ይችላል። መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀብቶ ቀዳዳውን ማግኘትና ማጥበቅ ትንሽ ሥራ ነው። ዘላቂ አመራረት ሲባል ብዙ ሰው ጣሪያ ላይ የተዘረጋ የፀሐይ ፓነል ይታየዋል። እኔ ግን መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ይህ ድምፅ ነው።

ዘላቂ አመራረት ማለት ዕቃ ሲሠራ ኃይል፣ ውሃና ጥሬ ዕቃ መቆጠብ፣ አየርና ወንዝ አለመበከል፣ የሠራተኛውንና የአካባቢውን ሰው ጤና አለመጉዳት ነው፤ ያውም ፋብሪካው ሳይከስር።

ከቴክኖሎጂዎቹ መካከል አንዳንዶቹ ዓይን አይስቡም፤ ውጤታቸው ግን ያስደንቃል። የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያን እንይ። ማራገቢያን በሙሉ ፍጥነት እያሽከረከሩ የአየር ማስተላለፊያውን በከፊል መዝጋት የተለመደ ነው። ፍጥነቱን ራሱን ወደ 80 በመቶ ዝቅ ብናደርገው ግን የሚፈልገው ኃይል በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ምክንያቱም ኃይሉ የሚለዋወጠው በፍጥነቱ ኪዩብ ነው፤ 0.8 ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ (0.8 × 0.8 × 0.8) 0.51 ገደማ ይሆናል።

ሙቀትም እንደዚሁ ነው። በጭስ ማውጫ የሚወጣ ሙቀት ወደ ቦይለሩ የሚገባውን ውሃ ቀድሞ ሊያሞቅ ይችላል። ለራስ የማይሆን ሙቀት ደግሞ ለጎረቤት ይሆናል። በዴንማርክ ካሉንድቦርግ ከተማ ከ1972 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፋብሪካዎች ከሥራቸው የሚተርፋቸውን ነገር ይቀባበላሉ። የኃይል ማመንጫው እንፋሎት ለጎረቤት ፋብሪካዎች ሄዷል፤ ጭሱ ሲጣራ የተገኘው ጂፕሰም ደግሞ የግድግዳ ሰሌዳ ሆኗል። ይህን ከላይ ሆኖ ያቀደ አልነበረም። ኩባንያዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተስማሙ፣ ሰንሰለቱም ቀስ በቀስ ረዘመ።

ከባዱ ነገር ሲሚንቶና ብረት ላይ ይመጣል። እዚህ ቀዳዳ መድፈን ብቻ አይበቃም፤ ችግሩ ያለው ኬሚስትሪው ውስጥ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ከሌሎች ማዕድናት ጋር እስከ 1450 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል። ድንጋዩ ሲሞቅ በውስጡ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ሲሚንቶ ከሚያወጣው ካርቦን ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከነዳጁ ሳይሆን ከድንጋዩ ነው። ስለዚህ ምድጃውን በንጹሕ ኃይል ብናነደው እንኳ ችግሩ አያልቅም። አንዱ መፍትሔ ክሊንከሩን፣ ማለትም ከምድጃው ወጥቶ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነውን ጠጠር፣ መቀነስ ነው። ግማሽ ያህሉን በተቃጠለ ሸክላ አፈርና ባልተቃጠለ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሲተኩት ልቀቱ እስከ 40 በመቶ ሊቀንስ ይችላል። ሸክላው የሚፈልገው ሙቀት ወደ 800 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አፈሩም በብዙ አገር በሽ በሽ ነው። ለእኔ ከሁሉም በላይ ተስፋ የሚሰጠኝ ይኼኛው ነው።

የብረት ማዕድን ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ለማውጣት እስካሁን በብዛት የሚሠራው የድንጋይ ከሰል ነው፤ ውጤቱም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በከሰሉ ፋንታ ሃይድሮጅን ሲገባ የሚወጣው የውሃ እንፋሎት ይሆናል። በስዊድን በዚህ መንገድ የተሠራ ብረት በ2021 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለደንበኛ ተሰጥቷል። ነገር ግን ሃይድሮጅኑ የተመረተው ከሰል አንድዶ ባመነጩት መብራት ከሆነ፣ ጭሱ ቦታ ቀየረ እንጂ አልጠፋም።

ለዚህ ነው ልኬት የሚያስፈልገው። የሕይወት ዑደት ትንተና የሚባለው ዘዴ አንድን ዕቃ ከማዕድን ማውጫው እስከሚጣልበት ቀን ይከተላል። በየሞተሩ የሚገጠሙ ሴንሰሮች ፍጆታን በየደቂቃው ያሳያሉ። አይ ኤስ ኦ 14001 (ለአካባቢ ጥበቃ) እና 50001 (ለኃይል አያያዝ) የሚባሉት ዓለም አቀፍ መስፈርቶችም ሥራውን ሥርዓት ያስይዛሉ። ግን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሰርተፍኬት ይልቅ፣ አንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደበላ የሚያሳየውን መዝገብ አምናለሁ።

ዕቃው ራሱም መታየት አለበት። አሉሚኒየምን መልሶ ማቅለጥ ከማዕድን አውጥቶ ከመሥራት ጋር ሲነጻጸር 5 በመቶ ያህል ኃይል ብቻ ይፈልጋል። ይህ የሚሆነው ግን አሉሚኒየሙን ከሌላው መለየት ከተቻለ ነው። በብሎን የተያያዘ ዕቃ በመፍቻ ይፈታል፣ ይጠገናል፣ ክፍሎቹም ለየብቻ ይቀልጣሉ። በማጣበቂያ የተጣበቀው ተፈጭቶ ይደባለቃል። በብሎን ይያያዝ ወይስ በማጣበቂያ የሚለው ውሳኔ ደግሞ የሚተላለፈው ፋብሪካው ገና ሥራ ሳይጀምር፣ ንድፍ አውጪው ጠረጴዛ ላይ ነው።