የሪሞት ፈርምዌር ስናድስ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሞዴል አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች በፈርምዌር ጉዳይ ሁለት ቦታ ይከፈላሉ። አንዱ አዲስ ቨርዥን ወጣ ሲባል በዚያው ቀን ይጭናል። ሌላው ሪሞቱን ከገዛበት ቀን ጀምሮ ነክቶት አያውቅም፤ "እንዳይበላሽብኝ" ይላል። የመጀመሪያው መፍራት ያለበትን አይፈራም፣ ሁለተኛው መፍራት የሌለበትን ይፈራል። ፈርምዌር ሲጫን ሪሞት ጨርሶ የሚበላሸው ከስንት አንዴ ነው። አውሮፕላን የሚከሰከሰው ከተጫነ በኋላ፣ ሳይፈተሽ በሚደረገው የመጀመሪያ በረራ ነው።

ፈርምዌር የምንለው ሪሞቱ ውስጥ ያለውን ፕሮግራም ነው። የስቲኩንና የማብሪያዎቹን እንቅስቃሴ አንብቦ ለሰርቮ (የክንፍና የጭራ ክፍሎችን ለሚያንቀሳቅሰው ትንሽ ሞተር) እና ለዋናው ሞተር የሚሄደውን ትእዛዝ የሚያዘጋጀው እሱ ነው። እዚህ በብዛት የማነሳው ኤጅቲኤክስን ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኦፕንቲኤክስ ከሚባል ሌላ የሪሞት ፈርምዌር ተገንጥሎ የወጣ ነፃ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ራዲዮማስተርን በመሳሰሉ ሪሞቶች ላይ ይሠራል።

"መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ሪሞቱ አለቀለት"

ይህ ፍርሃት ከመሬት አልተነሳም። ተርኒጂ 9ኤክስ የሚባለው ርካሽ ሪሞት በነገሠበት ዘመን፣ ፈርምዌር መቀየር የፈለገ ሰው ሪሞቱን ይፈታ ነበር። ቦርዱ ላይ ስድስት ቀጫጭን ሽቦዎች በይዶ ፕሮግራመር ከሚባለው የመጫኛ መሣሪያ ጋር ያገናኛል። እጁ ትንሽ ከተንሸራተተ ቦርዱ ይቃጠላል። የዚያ ጊዜ ወሬ እስከ ዛሬ ይዞራል።

አሁን ነገሩ ተቀይሯል። ራዲዮማስተር ቲኤክስ16ኤስን እንውሰድ። ውስጡ ያለው ኤስቲኤም32 ፕሮሰሰር ከፋብሪካ ሲወጣ የራሱ ትንሽ የመጫኛ ፕሮግራም አብሮት ተቀርጿል። የተቀረጸበት ቦታ እናንተ የምትጭኑት ፈርምዌር ከሚቀመጥበት የተለየ ነው። ፈርምዌሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቢቋረጥ እንኳ ይህኛው አይነካም። ሪሞቱን አጥፍታችሁ በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር ስታገናኙት ፕሮሰሰሩ ዲኤፍዩ በሚባለው የመጫኛ ሁኔታ ይነሳል። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው መጫን ነው።

ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ጋ ነው። በዲኤፍዩ ጊዜ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ድምፅ የለም፣ መብራት የለም። "ሞተ" ብሎ ገመዱን የሚነቅል ብዙ ነው። ኮምፒውተሩ ካየው ግን ሪሞቱ ደህና ነው። የሌላ ሞዴል ፈርምዌር በስህተት ጭናችሁ ስክሪኑ አልበራ ቢልም መፍትሔው ይኸው ነው፤ ትክክለኛውን ፋይል መርጦ መድገም።

ይህን ስል በግዴለሽነት ጫኑ ማለቴ አይደለም። ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጉ። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ከዴስክቶፕ ይልቅ ላፕቶፕ ተጠቀሙ፤ መብራት ሄደ አልሄደ ሥራው አይቋረጥም።

"ኮምፒውተሩ አላየውም፣ ስለዚህ ዩኤስቢው ተበላሽቷል"

አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የገመዱ ነው። ከርካሽ ቻርጀርና ከፓወር ባንክ ጋር የሚመጡ ገመዶች ብዙዎቹ ኃይል እንጂ ዳታ አያስተላልፉም። ቲኤክስ16ኤስ ላይ ደግሞ ሁለት የዩኤስቢ ቀዳዳ አለ። የላይኛው የዳታ ነው፣ የታችኛው ለቻርጅ ብቻ ነው። ታች ሰክቶ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሩን የሚወቅስ ሰው አይጠፋም። በዲኤፍዩ ስትጭኑ ዊንዶውስ ድራይቨር ሊጠይቅ ይችላል። እሱም ቢሆን የኮምፒውተሩ ጉዳይ እንጂ የሪሞቱ አይደለም።

እንዲያውም ኮምፒውተር በቀጥታ ሳይጭንም ይሆናል። ፈርምዌሩን አውርዳችሁ የሪሞቱ ኤስዲ ካርድ ላይ ፈርምዌር (FIRMWARE) በሚለው ፎልደር አስቀምጡት። ሪሞቱ ጠፍቶ እያለ ሁለቱን አግድም ትሪሞች (ትንንሾቹን የማስተካከያ ቁልፎች) ወደ መሃል ገፍታችሁ እንደያዛችሁ አብሩት። ቡትሎደር የሚባለው የመጫኛ ገጽ ይከፈትና ፋይሉን ከካርዱ ላይ ትመርጣላችሁ።

"ሪሞቱን አፕዴት ካደረግኩ ሁሉም ነገር ታደሰ"

ከሁሉም ብዙ ጣጣ የሚያመጣው ይህ ነው። እጃችን ላይ ያለው አንድ ዕቃ ይምሰል እንጂ የሚታደሰው ነገር ቢያንስ አራት ቦታ ነው።

አንደኛው የሪሞቱ ፈርምዌር ራሱ ነው። ሁለተኛው የሬዲዮ ሞገዱን የሚልከው ሞጁል ነው፤ ሪሞቱ ውስጥ የተገጠመ ቢሆንም የራሱ ፕሮሰሰርና የራሱ ፈርምዌር አለው። ሦስተኛው አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ ትእዛዙን የሚቀበለው ሪሲቨር ነው። አራተኛው የኤስዲ ካርዱ ይዘት ነው፤ ድምፆች፣ ምስሎች፣ ትንንሽ ስክሪፕቶች። ኤጅቲኤክስን ብቻ አድሳችሁ ካርዱን ከተዋችሁት፣ ሲበራ የኤስዲ ካርድ ማስጠንቀቂያ ሊያወጣባችሁ ይችላል።

በሞጁሉና በሪሲቨሩ መካከል ያለው ነገር የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኤክስፕረስኤልአርኤስ የሚባለውን የሬዲዮ ሲስተም የምትጠቀሙ ከሆነ የቨርዥኑን የመጀመሪያ ቁጥር ተመልከቱ። በ2 የሚጀምር ሞጁል በ3 ከሚጀምር ሪሲቨር ጋር አይገናኝም። የባይንድ ቃላችሁ (ሁለቱን የሚያጣምረው የይለፍ ቃል) አንድ ቢሆንም አይገናኝም። ከነጥቡ በኋላ ያለው ቁጥር ቢለያይ ግን ችግር የለውም። ስለዚህ ሞጁሉን ወደ ሌላ ትውልድ ካሻገራችሁት፣ ቤት ያሉትን ሪሲቨሮች አንድ ባንድ ማሻገር ግድ ነው። ደግነቱ ይህ በዋይፋይ ይሠራል። ሪሲቨሩን ኃይል ስጡትና ሪሞቱን አጥፍታችሁ ጠብቁ። 60 ሴኮንድ ያህል ሪሞት ካላገኘ የራሱን ዋይፋይ ይከፍታል። በስልክም ሆነ በላፕቶፕ ገብታችሁ በብራውዘር 10.0.0.1 ብላችሁ ፋይሉን ትሰጡታላችሁ። አፕዴቱ የሚገባው በዋይፋይ ስለሆነ አውሮፕላኑን መፍታት ወይም ሽቦ መጎተት አያስፈልግም።

"ካልተበላሸ አትንካው"

ምክሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻና በ2020 መጀመሪያ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በዚያን ጊዜ ፍሪስካይ የሚባለው ኩባንያ ዲ16 ሲስተም፣ ማለትም ሪሞትና ሪሲቨር የሚነጋገሩበት ዘዴ፣ በጣም የተስፋፋ ነበር። አልፎ አልፎ ማንም ስቲክ ሳይነካ ሰርቮ በድንገት የሚንቀሳቀስበት ችግር ታየ። ኩባንያው ይህን ለማስተካከል አዲስ የፈርምዌር ትውልድ አወጣ። ያልተበላሸ የመሰለው ሪሞት ውስጥ ችግሩ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። "ለእኔ ይሠራል" ብሎ መቀመጥ እዚያ ላይ አያዋጣም።

የዚያው ታሪክ ሌላኛው ጎን ደግሞ የቸኮሉትን የሚመለከት ነው። አዲሱ ትውልድ ከአሮጌው ጋር አይናበብም። ሪሞቱን ብቻ አድሶ ሜዳ የወጣ ሰው ሪሲቨሮቹ በሙሉ ዝም ይሉታል። አሥር አውሮፕላን ላለው ሰው አሥር ሪሲቨር ማደስ ነው፤ አንዳንዱ ፎም ውስጥ በሙጫ ተጣብቋል።

እኔ የምከተለው ነገር ቀላል ነው። ከመጫኔ በፊት የአዲሱን ቨርዥን የለውጥ ዝርዝር አነባለሁ። የደኅንነት ችግር ከፈታ ሳልዘገይ እጭናለሁ። የስክሪን ውበት ብቻ ከሆነ እተወዋለሁ። ለሙከራ የወጡ ቨርዥኖችን ደግሞ የምወደው አውሮፕላን ላይ አልሞክርም።

"ሞዴሎቼ ቦታቸው ላይ ናቸው፤ ካልተመቸኝም ወደ አሮጌው እመለሳለሁ"

ወደፊት ስትሄዱ አዲሱ ፈርምዌር ብዙውን ጊዜ አሮጌዎቹን ሞዴሎች (ሪሞቱ ላይ የተቀመጠውን የየአውሮፕላኑን ሴቲንግ) ወደ ራሱ አጻጻፍ ይቀይራቸዋል። ወደ ኋላ ስትመለሱ ግን አሮጌው አዲሱን አጻጻፍ ላያነበው ይችላል። ከኦፕንቲኤክስ ወደ ኤጅቲኤክስ የተሻገሩ ሰዎች ይህን አይተዋል። በሁለቱ ዘንድ የሞዴል ፋይል የሚቀመጥበት መንገድ ይለያያል። ወራት ፈጅታችሁ ያስተካከላችሁት የሰርቮ ልክና ሚክስ (የትኛው ስቲክ የትኛውን ሰርቮ እንደሚያዝ የሚወስነው ቅንብር) በአንድ ጊዜ ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ ኤስዲ ካርዱን እንዳለ ኮምፒውተር ላይ ገልብጡት። ሞዴሎቹ እዚያ ናቸው፣ የሪሞቱ ሴቲንግም እዚያ ነው። አሮጌውን የፈርምዌር ፋይልም አብራችሁ አስቀምጡ። የድምፅ ፎልደሩን አትርሱ። በራሳችሁ ድምፅ "ባትሪ አልቋል" ወይም "ጎማ ወጥቷል" ብላችሁ በአማርኛ ቀድታችሁ ካስገባችሁ፣ አዲሱ የካርድ ይዘት ሲገለበጥ በላዩ ሊጻፍበት ይችላል። ካልሞከራችሁትም ሞክሩት፤ ተራ ሞኖ ዋቭ ፋይል ነው፣ ሪሞቱ በአማርኛ ሲያወራ ደስ ይላል።

"አፕዴት ሬንጅ ይጨምራል"

በጥቅሉ አይጨምርም። ርቀቱን የሚወስኑት የሞጁሉ ኃይል፣ አንቴናውና ሪሲቨሩ ናቸው። የሪሞቱ ፈርምዌር እዚያ ውስጥ እጁ ትንሽ ነው።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ግን ከልብ መታየት ያለበት ነገር አለ፤ የአገር ቨርዥን። በፍሪስካይ ዲ16 ላይ ለአሜሪካ የሚሸጠውና ለአውሮፓ የሚሸጠው ፈርምዌር አይገናኙም። አንዱ ዘመድ ከዋሽንግተን ሪሞት ልኮ፣ ሌላው ከፍራንክፈርት ሪሲቨር ይዞ ሲመጣ፣ ዕቃዎቹ ሁለቱም አዲስና ደህና ሆነው አልተያያዙም ይባላል። ሪሲቨሩን ወደ ሪሞቱ ቨርዥን መቀየር ነው መፍትሔው። የትኛውን እንደምትመርጡ ደግሞ የምታበሩበት አገር የሬዲዮ ሕግ ይወስናል።

"ስክሪኑ ከበራ ሥራው አልቋል"

አላለቀም። ዋናው ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

ፕሮፔለሩን አውልቁ። ይህ የመጀመሪያው ነው፣ የማይታለፍ ነው። ሴቲንግ ተዛብቶ ባትሪ እንደሰካችሁ ሞተሩ ቢነሳ ጣት ይቆርጣል። ከዚያ መጀመሪያ ሪሞቱን፣ ቀጥሎ አውሮፕላኑን አብሩ።

አውሮፕላኑን ከኋላው ቆማችሁ ተመልከቱት። የኤለሮን (የክንፉ ጠርዝ ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ክፍል) ስቲኩን ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኙ ኤለሮን ወደ ላይ መውጣት፣ የግራው መውረድ አለበት። የኤለቬተር ስቲኩን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ጭራው ላይ ያለው ክፍል ወደ ላይ መነሳት አለበት። "ይንቀሳቀሳል" ማለት አይበቃም። በተገላቢጦሽ የሚንቀሳቀስ ኤለሮንም ይንቀሳቀሳል፤ እንዲያ ሆኖ የተነሳ አውሮፕላን ግን ብዙም ሳይርቅ ይከሰከሳል። ስቲኮቹ መሃል ላይ ሲሆኑ ስክሪኑ ላይ ዜሮ ካላሳዩ ካሊብሬሽኑን (የስቲኮቹን ልኬት ማስተካከያ) ድገሙት። የሞተር መቁረጫ ማብሪያውንም ደጋግማችሁ ሞክሩ።

ቀጥሎ ፌልሴፍ፣ ማለትም ግንኙነት ሲጠፋ አውሮፕላኑ የሚወስደው እርምጃ ነው። ሪሲቨር ሲታደስ ወይም እንደገና ባይንድ ሲደረግ ይህ ሴቲንግ ሊጠፋ ይችላል። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው። ፕሮፔለሩ እንደወለቀ አውሮፕላኑን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ሞተሩን ትንሽ አስነሱ፣ ሪሞቱን አጥፉ። ሞተሩ መቆም አለበት። ካልቆመ፣ ግንኙነት የጠፋበት አውሮፕላን ሞተሩ እየሠራ ወደ ሰው ሊሄድ ይችላል። ፌልሴፉን አስተካክላችሁ ፈተናውን እስኪያልፍ ድረስ አታብሩት።

መጨረሻ ላይ ሜዳ ወጥታችሁ የሬንጅ ፈተና አድርጉ። ፍሪስካይ ላይ ኃይሉን ዝቅ የሚያደርግ የራሱ ሜኑ አለ፤ በዚያ ሁኔታ 30 ሜትር አካባቢ እየራቃችሁ ሰርቮዎቹ ሳይንቀጠቀጡ መታዘዛቸውን ታያላችሁ። ኤክስፕረስኤልአርኤስ ላይ ኃይሉን ወደ 10 ሚሊዋት አውርዳችሁ ትራመዳላችሁ። ሲያልቅ ኃይሉን መመለስ አትርሱ።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት ጓደኞቻችሁ መኪና ውስጥ እየጠበቁ ፈርምዌር አትጫኑ። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ማታ ተረጋግታችሁ ጫኑት። አንዱ ሪሲቨር አልያያዝ ቢል እንኳ ለማስተካከል እስከ ቅዳሜ ጊዜ ይኖራችኋል።