«ብሬከር አለን፣ ምን እንሆናለን?» በኪራይ ግቢ ስለ ኤሌክትሪክ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ጎንደር ላይ ቤት ተከራየሁ የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የተከራየው አንድ ክፍል ነው። ማራኪ አካባቢ ተማሪው፣ አዘዞ በኩል ሠራተኛው፣ ፒያሳ ዙሪያ ነጋዴው በአንድ አጥር ውስጥ በር ለበር ይኖራል። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፣ የልብስ ማስጫውም የጋራ ነው። ቆጣሪውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው። የወሩ ሂሳብ ሲመጣ ማን ብዙ በላ፣ ማን ምጣድ ጣደ እየተባለ ይጨቃጨቃሉ። ስለ ሽቦው ግን የሚያወራ የለም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ከቆጣሪው የወጣው መስመር ሁሉንም ክፍል ያዳርሳል። አንዱ ክፍል ውስጥ የላላ ሽቦ የጎረቤትን ጣሪያ ያቃጥላል፣ የጎረቤትን ልጅ ይነዝራል። በየግቢው ደጋግመው የሚነገሩትን ነገሮች አንድ በአንድ ልውሰዳቸው።

«ብሬከር ስላለን ሰው አይጎዳም፤ ከነዘረ ራሱ ይወርዳል»

ከሁሉም አደገኛው ይሄ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት። ተራው ብሬከር የተሠራው ሽቦ እንዳይቃጠል ነው። ሰው ለማዳን አልተሠራም። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር በውስጡ የሚያልፈው ከዚያ እስካልበለጠ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ሰውን የሚጎዳው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ወደ 30 ሚሊ አምፔር ገደማ በሰውነት ውስጥ ሲያልፍ ጡንቻ ይጨመደዳል፣ እጅ የያዘውን መልቀቅ ያቅተዋል፣ መተንፈስ ይከብዳል። ከዚያ ከፍ ካለና ጥቂት ከቆየ የልብ ምት ይዛባል፣ ሰውም ይሞታል።

አንድ 60 ዋት አምፖል በ220 ቮልት ሲበራ 270 ሚሊ አምፔር ገደማ ይወስዳል። ብሬከሩ አምፖል በበራ ቁጥር እንደማይወርድ ሁሉ ሰው ሲያዝም አይወርድም። 16 አምፔር ከ30 ሚሊ አምፔር ከ500 እጥፍ በላይ ይበልጣልና።

ሰውን የሚጠብቀው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው። ባለሙያዎች «አርሲዲ» ይሉታል። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሌላው መመለሱን ይለካል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል በሌላ መንገድ፣ ለምሳሌ በሰው አካል በኩል ወደ መሬት ካመለጠ፣ በሰከንድ ሽርፍራፊ ጊዜ ውስጥ ያጠፋል። ፊቱ ላይ ትንሽ የመሞከሪያ ቁልፍ አለው። ግቢያችሁ ያለው ብሬከር ይሄ ቁልፍ ከሌለው ለሰው ተብሎ የገባ ነገር የለም ማለት ነው። ቁልፉ ካለው በየጊዜው ተጭናችሁ መውረዱን እዩ። ካልወረደ ተበላሽቷል። ሌላም ነገር አለ፦ ያረጀ መስመር ላይ ሲገባ መውረድ ሊያበዛ ይችላል። ያኔ «ይሄ ዕቃ አስቸገረን» ብሎ ማስወጣት ትክክል አይደለም። እየነገራችሁ ያለው የሆነ ቦታ ኤሌክትሪክ እያመለጠ ወይም መስመሩ ተቀላቅሎ እንደሆነ ነው። ባለሙያ ይፈልገው።

«ምጣዱ ትንሽ ነው የሚነዝረው፤ ሶኬቱን ገልብጠህ ብትሰካው ይተዋል»

ይህችን ብልሃት የማያውቅ ግቢ የለም። እውነትም ሲገለበጥ ንዝረቱ ይቀንሳል። የሚሆነው እንዲህ ነው፦ ውስጥ ያለው የሚግለው ሽቦ በሊጥ እርጥበት ወይም በማርጀት ከብረቱ አካል ጋር ተገናኝቷል። ሶኬቱ ሲገለበጥ ፌዙ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ ይዞ የሚመጣው ሽቦ፣ በሌላኛው ጫፍ ይገባል፤ ለብረቱ የሚደርሰው ቮልት ያንሳል። ብልሽቱ ግን እዚያው አለ። ነገ ሌላ ሰው ነቅሎ በድሮው አቅጣጫ ሲሰካው ንዝረቱ ይመለሳል።

«ትንሽ» የሚባለውም የዕቃው ጠባይ አይደለም። ዛሬ ደረቅ ጫማ አድርገሽ ደረቅ ወለል ላይ ስለቆምሽ ነው። ነገ ወለሉ ታጥቦ፣ እጅሽ ሊጥ ነክቶት፣ እግርሽ ባዶ ሲሆን ያው ምጣድ ይገድላል። እርጥብ ቆዳ ኤሌክትሪክን የመቋቋም አቅሙ በጣም ይወርዳል። ፍሪጅም፣ ካውያም፣ ልብስ ማጠቢያም እንዲሁ ናቸው። የሚነዝር ዕቃ ይነቀል፣ እስኪጠገን አይሰካ።

ሥር ያለው ችግር የመሬት ሽቦ አለመኖር ነው፤ ግራውንድ የሚሉት። ሶኬቱ ጎን ላይ የሚታዩት ሁለት የብረት ምላሶች ለእሱ የተሠሩ ናቸው። ብዙ ኪራይ ቤት ውስጥ ግን ከኋላቸው ምንም አልታሰረም። አከራዩ ግቢው ውስጥ የመሬት ዘንግ አስቀብሮ መስመሩን ቢያስዘረጋ የሁሉም ክፍል ችግር ባንዴ ይቃለላል። አንድ ነገር ግን እለምናችኋለሁ፦ «ከውኃ ቧንቧው ጋር እሰሩት» የሚላችሁን አትስሙ። ቧንቧው መሃል ላይ ፕላስቲክ ከሆነ ኤሌክትሪኩ መሬት አይደርስም። ባንዱ ክፍል ያለው ብልሽት ውኃ የመጣ ዕለት ጄሪካን ይዞ የተሰለፈውን ሁሉ ይነዝራል።

«ሽቦው ላስቲክ ለብሷል፤ ቆርቆሮ ላይ ቢያርፍ ምን ይሆናል?»

ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ቦታ ይሄ ነው። ከምሰሶ የመጣው ወይም ከክፍል ክፍል የተሳበው ሽቦ የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ያርፋል። ንፋስ ባወዛወዘው ቁጥር ይፈገፈጋል። ፀሐይ ላስቲኩን ያደርቀዋል፣ ይሰነጥቀዋል። አንድ ቀን መዳቡ ይገለጥና ቆርቆሮውን ይነካል። ከዚያ ጣሪያው በሙሉ፣ ከጣሪያው ጋር የተያያዘው የቆርቆሮ ግድግዳ፣ ምናልባትም የብረት በሩ ኤሌክትሪክ ይሸከማል። ብሬከሩ አይወርድም። ደረቅ እንጨትና ጭቃ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት በደንብ ስለማያሳልፉ በበጋ ማንም ላያውቅ ይችላል። ክረምት ገብቶ ሁሉም ሲረጥብ ነው ነገሩ የሚወጣው።

አሁን የልብስ ማስጫውን አስቡት። በየግቢው ማስጫው ሽቦ ነው። አንዱ ጫፍ ከጣሪያው ምስማር፣ ሌላው ከብረት ቋሚ ይታሰራል። እርጥብ ልብስ ይዞ፣ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ የሚነካው ሰው ከሁሉም የባሰ አደጋ ላይ ነው። ማስጫውን አውልቃችሁ በናይሎን ገመድ ቀይሩት። የማንንም ፈቃድ አይፈልግም፣ ዋጋውም ተካፍላችሁ የምትከፍሉት ትንሽ ነገር ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ይሄንን ሥሩ።

ዝናብ ሲዘንብ ቆርቆሮው ወይም በሩ «ነካ አደረገኝ» የሚል ሰው ካለ አትሳቁበት። ዋናው ይጥፋ፣ ማንም አይንካው። ከቆጣሪ በኋላ ያለውን መስመር አከራዩ ባለሙያ ጠርቶ ያሠራል። ከምሰሶ እስከ ቆጣሪ ያለው ግን የመብራት ኃይል ሥራ ነው፤ በ905 ደውላችሁ አስመዝግቡ።

«ማከፋፈያው ቀዳዳ ካለው ይችላል»

የቀዳዳው ብዛት የአቅም ምልክት አይደለም። ዋትን ለ220 አካፍሉ፣ አምፔሩን ታገኛላችሁ። 3500 ዋት ምጣድ 16 አምፔር ገደማ ይወስዳል። 1500 ዋት ምድጃ ወደ 7 አምፔር፣ 2000 ዋት የውኃ ማፍያ ወደ 9 አምፔር። ብዙ ማከፋፈያ ላይ የተጻፈው 10 አምፔር ነው፤ ይኸውም 2200 ዋት። ምጣድ ብቻውን ከዚህ አልፏል። ምጣድ ማከፋፈያ ላይ ፈጽሞ አይሰካም። ብሬከሮቹ ካሉበት ሰሌዳ በቀጥታ የመጣ፣ 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ያለው የራሱ መስመር ይፈልጋል። ለአምፖል የተዘረጋው 1.5 ሽቦ አይሸከመውም።

የበዓል ዋዜማ ላይ ምልክቱን ታዩታላችሁ። ሁሉም ባንዴ ሲጥድ አምፖሉ ይፈዛል። ሶኬቱ ይሞቃል፣ ጠርዙ ይጠቁራል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ይሄ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። በናስትሮ ብቻ ተጠምጥሞ ከማዳበሪያ ኮርኒስ በላይ የተተወ የሽቦ መጋጠሚያ ካለማ እሳቱ የሚነሳው ማንም በማያየው ቦታ ነው። ስለዚህ ተራ አውጡ፦ ቅዳሜ ጠዋት እሷ፣ ከሰዓት አንቺ። ምጣድ ተራ ይዞ ሲጣድ መስመሩም አይጨነቅም፣ የሂሳቡ ጭቅጭቅም ይቀንሳል።

አከራዮችም አንድ ነገር አስቡበት። «ምጣድ ክልክል ነው» ብላችሁ ስትዘጉ ምጣዱ አይጠፋም። ሌሊት በር ተዘግቶ፣ አልጋ ሥር ባለ ማከፋፈያ ይሰካል። አንድ ደህና መስመር ያለው የጋራ ማብሰያ ማዘጋጀት ከክልከላው ይሻላል።

«ብሬከሩ እየወረደ አስቸገረን፣ ትልቅ ይግባልን»

ሽቦው ሳይቀየር 16ቱን በ32 መቀየር ሽቦው እንዲቃጠል መፍቀድ ነው። አሮጌ ቤት ውስጥ ቫልቮላውን በመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ መዝጋትም ያው ነው። ብሬከር የሚወርደው ጭነት ሲበዛ ወይም ሾርት ሲኖር ነው። ሁለቱም ምክንያታቸው ይፈለጋል።

«መብራት ከጠፋ አደጋውም አብሮ ይጠፋል»

እንጀራ እየጋገሩ መብራት ይጠፋል። ይጠበቃል፣ አይመጣም። ምጣዱ ሳይነቀል ሰው ለለቅሶ ወይም ለሥራ ይወጣል፤ ከምድጃው አጠገብ ልብስ ይቀመጣል። ማታ መብራቱ ሲመጣ ክፍሉ ተቆልፏል። መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ የሚነቀሉት የሚያሞቁ ዕቃዎች ናቸው፦ ምጣድ፣ ምድጃ፣ ካውያ፣ ሂተር። ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ሊል ስለሚችል ፍሪጅና ቴሌቪዥንም ጥቂት ደቂቃ ይቆዩ።

«ሽቦው የአከራዩ ጉዳይ ነው» እና «ያበላሸው ተከራይ ያሠራው»

ሁለቱም ግማሽ እውነት ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አከራይ ያከራየውን ነገር ለአገልግሎቱ በሚመች ሁኔታ እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥልበታል። ስለዚህ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ፣ ሰሌዳው፣ የመሬት ዘንጉ የአከራይ ነው። ተከራይ በራሱ አጠቃቀም ያቃጠለው ሶኬት ግን የተከራዩ ነው። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ እንዲሆን ይላል። ውሉ ላይ የመስመሩን ሁኔታ በሁለት መስመር ማስፈር ኋላ ከመካሰስ ያድናል።

ብዙ ተከራይ «ብናገር ውጣ እባላለሁ» ብሎ ዝም ይላል። ፍርሃቱ የእውነት ነው፤ አልንቀውም። ለዚህ ነው ብቻን ሳይሆን አብሮ መናገር የሚሻለው። «እትዬ፣ ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው እየነዘረን ነው፤ ለእርስዎም ልጆች ያሰጋል። ባለሙያ ይምጣና ይየው» ቢባል፣ አምስት በር ሆኖ ቢባል፣ ይሰማል። ቤቱ ቢቃጠል የሚጎዳው እርሳቸውም ናቸው።

«እሳት ከተነሳ ውኃ ነው»

የኤሌክትሪክ እሳት ላይ መስመሩ ሳይጠፋ ውኃ የሚረጭ ሰው ራሱ ይያዛል። መጀመሪያ ይጥፋ። ማጥፋት ካልተቻለ ደረቅ አሸዋ ወይም የዱቄት ማጥፊያ፤ እሱም ከሌለ ሰውን አስወጥቶ መራቅ።

«የተያዘን ሰው ቶሎ ጎትቶ ማላቀቅ ነው»

የጎተተውም ይያዛል። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፋት። ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆሞ በደረቅ እንጨት መግፋት። ይሄ የሚሠራው ለቤት መስመር ብቻ ነው፤ ከምሰሶ የወደቀ ሽቦ ከሆነ አለመጠጋት፣ ሌሎችንም ማራቅ። ሰውየው ከተላቀቀ በኋላ ካልተነፈሰ ደረቱ መሃል ላይ በሁለት እጅ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ጠንከር አድርጎ እየተጫኑ አምቡላንስ ማስጠራት ነው። ወተት ማጠጣት፣ አፈር ማልበስ የሚባለው ጊዜ ከማባከን በቀር አይረዳም። ተነስቶ «ደህና ነኝ» ቢልም ሆስፒታል ሄዶ ልቡ ይታይ፤ የልብ ምት መዛባት ዘግይቶ ሊታይ ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን ዋናው ማጥፊያ የት እንዳለ ከታወቀ ነው። በብዙ ግቢ ሰሌዳው ያለው አከራዩ ሳሎን ውስጥ ነው፤ ባለቤቶቹ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወይም ገጠር ሲወርዱ በሩ ይቆለፋል። ሰሌዳው ወደ ውጭ፣ ዝናብ ወደማያገኘው በረንዳ እንዲወጣ ጠይቁ። እስከዚያው ትርፍ ቁልፍ ግቢው ውስጥ ሁልጊዜ ከሚገኝ ሰው ዘንድ ይቀመጥ፣ ማን ጋ እንዳለም ልጆቹ ጭምር ይወቁ።