ጆን ካር፦ የዮርኩ አርክቴክት

ጆን ካር (1723–1807፣ ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሎንዶን ሳይከትም ስመ ጥር የሆነ እንግሊዛዊ አርክቴክት ነው። የተወለደው በሰሜን እንግሊዝ፣ ዌክፊልድ አጠገብ ባለችው ሆርበሪ ነው። አባቱ ግንበኛ ነበር፤ ሙያውንም ያስተማረው እሱ ነው። የዘመኑ ስመ ጥር አርክቴክቶች ጣሊያን ሄደው የጥንት ሮማውያንን ሕንፃዎች ፍርስራሽ ሲለኩ ካር ድንጋይ ይጠርብ ነበር።

ዕድሉ የተከፈተው በፈረስ ነው። በ1754 ለዮርክ የፈረስ መሮጫ ሜዳ የተመልካች ሰገነት ንድፍ ውድድር ወጣ። ካር ሌላውን አርክቴክት ጄምስ ፔይንን አሸንፎ ሥራውን ወሰደ። ለግንባታው ገንዘብ ያዋጡት ፈረስ ወዳድ መኳንንት ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቤት ማሠራት ያማረው የዮርክሻየር (የዮርክ አካባቢ ግዛት) ባላባት ሁሉ እሱን መጥራት ጀመረ። የሰገነቱ የታችኛው ክፍል ዛሬም ሜዳው ላይ አለ።

በ1759 የተጀመረው ሄርውድ ሃውስ የተባለው የዮርክሻየር የባላባት መኖሪያ ትልቁ ሥራው ነው ቢባል አይጋነንም። ባለቤቱ ኤድዊን ላሴልስ ሀብቱን ያገኘው ከካሪቢያን ስኳርና ከባሪያ ጉልበት ነው። ንድፉን ሌላው የዘመኑ አርክቴክት ሮበርት አዳም እንደነካካው፣ የውስጡ ጌጥም የአዳም እንደሆነ የታወቀ ነው። ምስጋናው ለማን ይሁን የሚለው ግን አከራካሪ ነው። ግድግዳውን ያቆመው ግን የእኛው ጠራቢ ነው።

ለዴቮንሻየር መስፍን በፍል ውኃ ከተማዋ በበክስተን የሠራው ክሬሰንት ደግሞ ሌላ ነው። ስሙ እንደሚለው ሕንፃው እንደ ግማሽ ጨረቃ ታጥፏል። ሥራው የተጀመረው በ1780 ሲሆን ሐሳቡ ሌላዋን የእንግሊዝ የፍል ውኃ ከተማ ባዝን መፎካከር ነበር። ከታች ቅስት በቅስት የተደረደረ መተላለፊያ አለው። ወደ ፍል ውኃው የመጡ እንግዶች ዝናብ ሳይነካቸው እዚያ ይንሸራሸሩ ነበር። ዝናብ ለማያጣው ለዚያ አገር የታሰበበት ነገር ነው! ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ በ2020 እንደገና ሆቴል ሆኗል።

ዮርክ ውስጥ ከ1773 እስከ 1777 የሠራው ፍርድ ቤት አሁንም ችሎት ይሰየምበታል። ፖርቱጋል ፖርቶ ውስጥ ላለው ሳንቶ አንቶኒዮ ሆስፒታልም ንድፍ አውጥቷል፤ የተሠራው ግን ከፊሉ ብቻ ነው። የአውራጃ ድልድዮችንም ለዓመታት ተቆጣጥሯል። ሁለት ጊዜ፣ በ1770 እና በ1785፣ የዮርክ ከንቲባ ሆኗል።

በስተርጅናው ለትውልድ ከተማው ሆርበሪ በራሱ ገንዘብ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ከ1791 እስከ 1794 ፈጀ። በ1807 ሲያርፍም የተቀበረው እዚያው ነው።