ፍሪጁ ጀርባ ላይ የተጻፈው «ሳይክሎፔንቴን» ምንድን ነው?

አዳማ ላይ ፍሪጅ ስትገዙ ጀርባውን ዞር ብላችሁ እዩት። መለያው ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት ጋዝ ተጽፎ ታገኛላችሁ። አር600ኤ በቱቦው ውስጥ እየዞረ የሚያቀዘቅዘው ነው። ሰው ግራ የሚጋባው በሁለተኛው፣ በሳይክሎፔንቴን ነው።

እሱ አይዞርም፣ አይሞላም። ሥራው ፋብሪካ ላይ ነው። በውጩ ላሜራና በውስጡ ፕላስቲክ መካከል ፖሊዩሪቴን የሚባል፣ ሲደርቅ ፎም የሚሆን ፈሳሽ ፕላስቲክ ይገባል። ከዚያ እንደ ሊጥ ኩፍ ብሎ ክፍተቱን ይሞላና ይደርቃል። ኩፍ የሚያደርገው ሳይክሎፔንቴን ነው፤ በጥቃቅኖቹ አረፋዎች ውስጥም ታፍኖ ይቀራል። ከአየር ያነሰ ሙቀት ስለሚያስተላልፍ የአዳማን ሐሩር ውጭ ያስቀራል። ድሮ ለዚህ ሥራ የሚውለው ሲኤፍሲ-11 የሚባል ጋዝ ነበር። ኦዞንን ስለሚጎዳ ከ1987ቱ (እ.ኤ.አ.) የሞንትሪያል ስምምነት በኋላ እየቀረ ሄደ።

ስለዚህ «የፎሙ ጋዝ አልቋል፣ ልሙላው» የሚል ባለሙያ ከመጣ በሰላም ሸኙት። ጎኑንም በድሪል እንዳትበሱት። እርጥበት ፎሙ ውስጥ ይገባል። ይባስ ብሎ በብዙ አዳዲስ ፍሪጆች ሙቀት የሚያስወጣው ቱቦ እዚያው ላሜራው ሥር ነው፤ ከተበሳ ዋናው ጋዝ ያልቃል፣ ደግሞም ተቀጣጣይ ነው። ጎኑ ሞቅ ሲልም አትደንግጡ፣ ቱቦው ሥራውን እየሠራ ነው። ከግድግዳው ግን ትንሽ ራቅ አድርጉት።