የድርጅት ታክስ ማናጀሮች ማህበር ምንድን ነው?

ደብረ ብርሃን አንድ ፋብሪካ ፋይናንስ ላይ ለሚሰራ ጓደኛዬ ስለዚህ ነገር ሳወራለት «የሰራተኛ ማህበር ነው እንዴ?» አለኝ። አይደለም። በየኩባንያው ተቀጥረው የኩባንያቸውን ግብር የሚይዙ ሰዎች በግላቸው አባል የሚሆኑበት የሙያ ማህበር ነው።

ታክስ ማናጀር የሚል መደብ እኛ ጋ ብዙ ቦታ የለም፣ ስራው ግን አለ፣ ሂሳብ ሹሙ ወይ ሲኒየር አካውንታንቱ ደርቦ ይሰራዋል። በየወሩ ቫት ያሳውቃል፣ የደሞዝ ግብር ያስገባል፣ ዊዝሆልዲንግ (ለአቅራቢ ሲከፈል ቀድሞ የሚያዝ ግብር) ይቆርጣል፣ ከዛ ሰኔ 30 ሂሳብ ሲዘጋ ከሐምሌ 1 እስከ ጥቅምት 30 ባለው ጊዜ የዓመቱን የትርፍ ግብር አሳውቆ ከትርፉ 30 ፐርሰንቱን ይከፍላል። ከባዱ ግን ስሌቱ ነው። ሂሳቡ በአይኤፍአርኤስ (በዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ) ተሰርቶ ትርፉ ይሄን ያህል ነው ከተባለ በኋላ የግብር ህጉ ደግሞ ይሄ ወጪ አይቀነስም፣ የእርጅና ተቀናሹንም በኔ መጠን አስላው ይላል፣ ስለዚህ ከአንድ መዝገብ ሁለት የተለያየ ትርፍ ይወጣል (ሁለት መዝገብ ማለቴ አይደለም፣ መዝገቡ አንድ ነው) እና በሁለቱ መሀል ያለውን ልዩነት መስመር በመስመር ማስረዳት የሱ ስራ ነው።

ይሄን የሚያውቅ ሰው ደግሞ አንድ ፋብሪካ ውስጥ አንድ ነው፣ ቢበዛ ሁለት። ስራ አስኪያጁ ቁጥሩን እንጂ ህጉን አያውቅም፣ ገቢዎች ሄደህ ብትጠይቅ ራስህን የምታጋልጥ ይመስልሃል፣ አማካሪ ያስከፍላል፣ ስልጠና ሲኖር ደግሞ 130 ኪሎ ሜትር አዲስ አበባ ድረስ ነው። እኔ አንድ ዓመት የኦዲት ውሳኔ ደረሰኝና ቅሬታ ለማቅረብ በአዋጅ 983/2008 ያለችኝ 21 ቀን ነበረች፣ ቅሬታው ተቀባይነት ካላገኘ ቀጣዩ የግብር ይግባኝ ኮሚሽን ነው፣ እዛ ለመግባት ደግሞ ከተከራከርክበት ግብር ግማሹን ማስያዝ አለብህ። አስር ቀኑን አዋጅና መመሪያ ሳገላብጥ ጨረስኩት፣ በኋላ ስሰማ መንገድ ተሻግሮ ያለ ፋብሪካ የሚሰራ ልጅ ያንኑ ጥያቄ አምና መልሶት ኖሯል። እስካሁን ይቆጨኛል። ማህበር የሚባለው ነገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

በውጭ ትልቁ ምሳሌ ታክስ ኤግዜኪዩቲቭስ ኢንስቲትዩት ነው፣ በ1944 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሰረተ፣ ዋና ቢሮው ዋሽንግተን፣ ከአሜሪካ ውጪም ካናዳ፣ አውሮፓና እስያ ቅርንጫፍ ያለው። በጣም የምወደው የአባልነት ደንቡን ነው፣ አባል የሚሆነው ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሰራ ብቻ ነው፣ የታክስ አማካሪ ሆኖ አገልግሎት የሚሸጥ አይገባም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም፣ አማካሪ ባለበት ስብሰባ ጥያቄህ የሱ ገበያ ይሆናል፣ ሁሉም እንደአንተ ደሞዝተኛ ከሆነ ግን «ይሄን እንዴት አደረጋችሁት?» ብለህ ሳትፈራ ትጠይቃለህ።

የኢንስቲትዩቱ ሌላው ስራ ከመንግስት ጋር መነጋገር ነው። የታክስ ህግ ረቂቅ ሲወጣ ይቺ አንቀፅ ስራ ላይ ስትውል እንዲህ አይነት ችግር ታመጣለች ብሎ በፅሁፍ ያቀርባል፣ ከአሜሪካና ከካናዳ ግብር ሰብሳቢዎች ጋር ቁጭ ብሎ ይወያያል፣ ትልልቅ የፍርድ ቤት ጉዳይ ላይም ሀሳቡን ፅፎ ያስገባል። የአንድን ኩባንያ ክርክር ይዞ አይሟገትም፣ ግብር መደበቂያ መንገድ መማማሪያም አይደለም።

እዚህ አገር ከሌላው ጋር እንዳይምታታ፣ በአዋጅ 847/2006 መነሻነት የቆመው የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ የሚሰጥና የሚቆጣጠር የመንግስት አካል ነው። ንግድ ምክር ቤት ደግሞ የነጋዴው ቤት ነው፣ ተቀጣሪው ሂሳብ ሹም እዛ ወንበር የለውም።

ደብረ ብርሃን ላይ ቢራው አለ፣ ብርድ ልብሱ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ አለ፣ በየአንዱ ውስጥ ደግሞ ብቻውን አዋጅ የሚያነብ ሰው አለ። አዲሱ የቫት አዋጅ 1341/2016 ሲመጣ ሁላችንም በየቢሯችን ለየብቻ ነው ያነበብነው። እንዲህ አይነት ማህበር እዚህ ለመጀመር አስር ሰውና አንድ ከሰዓት ይበቃል፣ የድርጅት የሂሳብ ቁጥር ይዞ መምጣት አያስፈልግም፣ ጥያቄ ብቻ። ቀኑ ጥር ላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጥቅምት ላይ ማንም ከቢሮ አይወጣም።