የቄስ ጾም፣ የቄስ ሥራ

እንኳን ለብርሃናተ ዓለም ጴጥሮስ ወጳውሎስ በዓል አደረሳችሁ። ሐምሌ 5 ደርሶ ጾመ ሐዋርያት ተፈታ። ብዙ ሰው «የሰኔ ጾም» ይለዋል፤ «የቄስ ጾም» የሚለውም አይጠፋም። ይህን ሁለተኛ ስም ያወጣለት መቼም የማይጾመው ሰው ነው። ከሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት አንዱ ነው፤ እንደ ትንሣኤው አዋዋል ሲያጥር 15፣ ሲረዝም 49 ቀን ይሆናል እንጂ ከምእመን ወደ ቄስ አይዞርም።

በዚያው አፋችን ደግሞ «ስለ ክርስቶስ መናገር የቄስ ሥራ ነው» እንላለን። ሐዋርያት እኮ መንፈስ ቅዱስን ተቀብለው ይህን ጾም የጾሙት ለስብከት ሊወጡ ነው። ጾሙንም ስብከቱንም ለቄስ ከሰጠን ለእኛ የቀረን ፍስኩ ብቻ ነው።

ወገኖቼ፣ ጴጥሮስን እንየው። በሊቀ ካህናቱ ግቢ ያስፈራችው አንዲት ገረድ ናት። ብርድ ነበረና የፍም እሳት ይሞቃል። «አነጋገርህ ይገልጥሃል» አሉት፤ የጎጃም ሰው አዲስ አበባ ገብቶ አፉን ሲከፍት እንደሚታወቀው ገሊላዊነቱ ታወቀበት። አነጋገሩን መደበቅ ሲያቅተው ጌታውን ደበቀ። ያውም እኮ በዚያችው ሌሊት ሰይፍ መዝዞ የማልኮስን ጆሮ የቆረጠ ጀግና ነው! ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወንጌላዊው ዮሐንስ ያንን ፍም አልረሳውም። በምዕራፍ 21፣ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር፣ እንደገና ፍም ነድዷል፤ ዓሣ ተቀምጦበታል። ጴጥሮስ የካደበትን ቁጥር ያህል፣ ሦስት ጊዜ፣ ጌታ «ትወደኛለህን?» አለው። አልሰደበውም፤ «በጎቼን ጠብቅ» አለው። ገረድ የፈራው ሰው በሮም ኔሮንን ሳይፈራ ቁልቁል ተሰቀለ። እስከ ዛሬ አፍራችሁ ዝም ያላችሁ፣ ሁለተኛው ፍም ለእናንተም ነው።

የእኛ ክህደት ዶሮ እንኳ አይጮህበትም። ረቡዕ ቀን ባሕር ዳር ምግብ ቤት ውስጥ የመሥሪያ ቤት ጓደኛ ጥብስ አዝዞ «ምነው አትበላም?» ሲል «ሆዴን አሞኛል» እንላለን። «ጾም ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? ለሥራ ፈተና ስንገባ ማተባችንን ሸሚዝ ውስጥ እንከታለን። ማዕድ ሲቀርብ ግራ ቀኙን አይተን ሳናማትብ እንጎርሳለን።

አገራችን እኮ የዋሸራ፣ የጎንጅ፣ የዲማ የአብነት ትምህርት ቤቶች አገር ናት! ደበሎ ለብሶ አኩፋዳ ያነገተ ሕፃን የቆሎ ተማሪ በማያውቀው ሰው ደጃፍ ቆሞ፣ ውሻውን በዱላው እየመከተ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። እርሱ ለቁራሽ እንጀራ ስሟን ጮኾ ሲጠራ፣ እኛ ጠግበን ተቀምጠን የክርስቶስን ስም እናንሾካሹካለን። ያሳዝናል።

ራሱ ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ በምዕራፍ 3 «በእናንተ ስላለ ተስፋ ምክንያትን ለሚጠይቁአችሁ ሁሉ መልስ ለመስጠት ዘወትር የተዘጋጃችሁ ሁኑ፥ ነገር ግን በየዋህነትና በፍርሃት ይሁን» አለ። ይህ ፍርሃት እግዚአብሔርን መፍራት ነው፤ ከዚያው ከፍ ብሎ ሰዎችን በተመለከተ «ማስፈራራታቸውንም አትፍሩ» ብሏል። የዋህነትን ያስተማረን ደግሞ ሰይፍ የመዘዘው ሰው ነው። በየስልኩ የሌላውን እምነት እየተሳደበ «መሰከርኩ» የሚል ወንድም ይህን ይስማ፤ ጆሮው የተቆረጠ ሰው ምን ይሰማል?

«ተዘጋጁ» ማለቱ ደግሞ ያለ ነገር አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚፈራው ስለማያውቅ ነው። ከሐምሌ 6 እስከ 30 ድረስ 25 ቀን አለ፤ የእምነታችን መሠረት የሆኑት አዕማደ ምስጢር አምስት ናቸው፤ ለእያንዳንዱ አምስት አምስት ቀን ይደርሰዋል። ለምስጢረ ሥላሴ ማቴዎስ 28፥19ን፣ ለሥጋዌ ዮሐንስ 1፥14ን፣ ለጥምቀት ዮሐንስ 3፥5ን፣ ለቁርባን ዮሐንስ 6፥54ን ያዙ፤ ለትንሣኤ ሙታን 1ኛ ቆሮንቶስ 15 ሙሉውን አንብቡ። በመጀመሪያው ቀን ጥቅሱን በቃል አጥኑ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው ከላይና ከታች ያለውን አንብቡ፤ በአራተኛው ያልገባችሁን መምህር ጠይቁ፤ በአምስተኛው ለቤተሰብ በራሳችሁ ቃል አስረዱ። ልጅ ካልገባው ገና አልገባችሁም። ሁሉንም በአንድ ሌሊት ልጨርስ የሚል በማግስቱ ያምታታል። ያላወቃችሁትን ስትጠየቁ «አላውቅም፣ አባቶችን ጠይቄ እነግርሃለሁ» በሉ፤ ከዚያ በእውነት ጠይቁና ተመለሱ፤ ብዙው የሚበላሸው ሳይመለሱ በመቅረት ነው።

የጽዋ ማኅበርተኞችም ብትሆኑ ንባቡን ጠላው ሳይቀዳ አድርጉት። ከተቀዳ በኋላ ሐሜቱ ይቀድማል።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል። ያ ጓደኛችሁ እንደ ልማዱ ጥብሱን አዝዞ «ምነው፣ ዛሬም ሆድህን አመመህ?» ማለቱ አይቀርም። «የለም፣ ጾም ነኝ» በሉት። «የምን ጾም?» ካለ፣ ወንበራችሁን ጠጋ አድርጉ።